ቀንሶ መሥራት፦ ስለ ሃርሞኒክና ስለ ፊልተር ለጀማሪዎች የቀረበ ንግግር

 

ዛሬ የምናገረው ሰብትራክቲቭ ሲንተሲስ ስለሚባለው፣ እኔ በአማርኛ ቀንሶ መሥራት ስለምለው የድምፅ አሠራር ነው። ዓላማዬ አንድ ነው፤ ሲንተሳይዘር ነክቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ከዚህ ሲወጣ በአንድ ድምፅ ውስጥ ያሉትን ድምፆች በገዛ ጆሮው መለየት እንዲጀምር። በመጀመሪያ በአንድ ድምፅ ውስጥ ምን እንዳለ እናያለን፤ ቀጥሎ ፊልተር ከውስጡ ምን እንደሚያነሳ፤ በመጨረሻም ያ ማንሳት በጊዜ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ድምፁ እንዴት ነፍስ እንደሚዘራ። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ትንሽ ሒሳብ አለ፤ ከማባዛትና ከማካፈል ግን አያልፍም።

ወደ ጉዳዩ የሚያስገባኝ አንድ ገጠመኝ አለኝ። የመጀመሪያዋን ሲንተሳይዘሬን ያገለገለች ነው የገዛኋት። ቤት ወስጄ ሰካኋት፤ መብራቷ በራ፤ ቁልፉን ስጫን ግን ድምፅ የለም። ገመድ ቀየርኩ፤ ስፒከር ተዋስኩ፤ ምንም። በሦስተኛው ቀን በጋቢ ጠቅልዬ ሬዲዮ የሚጠግን ሰው ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ሰውየው ብሎን መፍቻውን እንኳ አላነሳም። ቁልፉን በግራ እጁ ተጭኖ፣ ፊቷ ላይ ከተደረደሩት ማዞሪያዎች አንዷን በቀኝ እጁ ይዞ፣ ቀስ እያለ አዞራት። መጀመሪያ ከጎረቤት ቤት በግድግዳ በኩል የሚሰማ የሚመስል የታፈነ እምምታ መጣ። ከዚያ እምምታው ወደ «ኡ» ሄደ፤ ከ«ኡ» ወደ «ኦ»፣ ከ«ኦ» ወደ «ኣ»። ማዞሪያዋ ጫፍ ስትደርስ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ብሎኖች ይንቀጠቀጡ ነበር። «ተዘግታ ነው እንጂ ምንም አልሆነችም» አለኝ፤ ገንዘብም አልተቀበለኝም።

ያ ሰው ድምፁ ላይ አንዳች ነገር አልጨመረም። ድምፁ ሦስቱን ቀን ሙሉ ማሽኗ ውስጥ ነበር፤ መውጫ አጥቶ እንጂ። እሱ ያደረገው የነበረውን መልቀቅ ብቻ ነው። ዛሬ የምለው ሁሉ ከዚያች ማዞሪያ ይነሳል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ክፍል እንግባ። ጊታር ያላችሁ አምስተኛውን አውታር ሳትይዙ ምቱት። አውታሩ በአንድ ሰከንድ 110 ጊዜ ይርገበገባል፤ 110 ሄርዝ የምንለው ይህን ነው። ነገር ግን አውታሩ የሚርገበገበው በሙሉ ቁመቱ ብቻ አይደለም። በዚያው ቅጽበት ለሁለት ተከፍሎ በ220፣ ለሦስት ተከፍሎ በ330፣ ለአራት ተከፍሎ በ440፣ ለአምስት ተከፍሎ በ550 ይርገበገባል፤ እንዲህ እያለ ወደ ላይ ይቀጥላል። እነዚህ የ110 ብዜቶች ሃርሞኒክ ይባላሉ። የመጀመሪያው መሠረቱ ነው። እኛ አንድ ድምፅ የሰማን ይመስለናል እንጂ የሰማነው ጉባኤ ነው። ክራርና አኮርዲዮን አንዱን ቅኝት፣ አንዱን ድምፅ እየተጫወቱ የማይምታቱብን፣ በዚህ ጉባኤ ውስጥ ማን ጮክ ብሎ ማን ዝግ ብሎ እንደሚናገር ስለሚለያዩ ነው።

ይህን በደንብ ካስረዱት አንዱ ጀርመናዊው ሐኪምና የፊዚክስ ሊቅ ኸርማን ፎን ኸልምሆልትዝ ነው። ስለ ድምፅ ስሜት የጻፈው ትልቅ መጽሐፉ በ1863 ወጣ። ኸልምሆልትዝ ኤሌክትሮኒክስ አልነበረውም፤ የነበሩት ውስጣቸው ባዶ የሆነ፣ በሁለት በኩል ቀዳዳ ያላቸው ሉሎች ናቸው። አንዱን ጆሮው ላይ ሲደቅን ሉሉ ለአንድ ሃርሞኒክ ብቻ ያስተጋባል፤ ሌሎቹን ቸል ይላል። ሉል እየለዋወጠ የጉባኤውን አባላት አንድ በአንድ ጠራቸው። ይህን ሥራ በሌላ መሣሪያ ዛሬ ማታ እዚሁ እንደግመዋለን፤ ሉሎቹን አትርሷቸው።

ኸልምሆልትዝ ደጋን ሲጎተትበት አውታር ምን እንደሚሆንም አጥንቷል። የእሱ ቫዮሊን ነበር፤ እኛ ግን ማሲንቆ አለን፤ ነገሩ አንድ ነው። ሙጫ የተቀባው የደጋኑ ጭራ የማሲንቆውን ጭራ ያዝ አድርጎ ይስበዋል። ውጥረቱ ሲበረታ ጭራው ያመልጠዋል፤ ወዲያው መልሶ ይይዘዋል። ይዞ መሳብ፣ ማምለጥ፣ ይዞ መሳብ፣ ማምለጥ፤ ይህ በሰከንድ መቶ፣ ሁለት መቶ ጊዜ ይሆናል። በወረቀት ብትስሉት ቀስ ብሎ የሚወጣ፣ ድንገት የሚወርድ መስመር ይሆናል። ቅርጹ የመጋዝ ጥርስ ነው፤ በሲንተሳይዘር ላይም ስሙ ይኸው ነው። እንግዲህ አዝማሪው አንዲቱን አውታር በደጋኑ ሲነካ የሚያወጣው ጥሬ ድምፅ ለመጋዝ ጥርስ የቀረበ ነው። የመጋዝ ጥርስ ሁሉንም ሃርሞኒክ ይዟል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ግማሽ ያህል፣ ሦስተኛው ሲሶውን፣ አራተኛው ሩቡን ያህል ጉልበት ይዞ ይከተላል።

ሲንተሳይዘር ላይ ሌሎች ቅርጾችም አሉ። ካሬው ሞገድ ጎዶሎ ቁጥሮቹን ብቻ ይይዛል፤ 110፣ 330፣ 550 እያለ ሲሄድ ውስጡ ክፍት የሆነ ሸምበቆ የመሰለ ድምፅ ይሰጣል። ሦስት ማዕዘኑም ጎዶሎዎቹን ብቻ ይዟል፤ ነገር ግን ሃርሞኒኮቹ በፍጥነት ስለሚደክሙ ለስላሳ ነው፤ ሦስተኛው ገና ከመነሻው የመሠረቱ አንድ ዘጠነኛ ብቻ ነው። ጀማሪ ሰው ግን አንድ ወር ሙሉ ከመጋዝ ጥርስ ጋር ብቻ ቢቆይ እመርጣለሁ። ቀንሶ ለመሥራት መጀመሪያ የሚቀነስ መኖር አለበት። የሌለውን ፊልተር አያወጣውም።

የበገና ሠሪዎች ይህን ያውቃሉ። በገና ዐሥር አውታር አለው፤ ድምፁም በጣም ወፍራም ነው። በአውታሩና በብርኩማው መካከል እንዚራ የሚባሉ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ። አውታሩ ቆዳውን እየነካ ሲርገበገብ ያ የምናውቀው ዝዝዝታ ይመጣል። እንዚራውን አውጥታችሁ ያንኑ አውታር ብትደረድሩት ድምፁ ምን ያህል ራቁቱን እንደሚቀር ትሰማላችሁ። ዝዝዝታው የከፍተኛ ሃርሞኒኮች ጎርፍ ነው። ወፍራሙ መሠረት ከደረታችን ይገባል፣ ዝዝዝታው ጆሯችን ላይ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል፣ ወደ ፊልተር ልሻገር። እዚህ ላይ ከአማርኛችን ጋር ትንሽ ጠብ አለኝ። ፊልተርን «ማጣሪያ» ብለን እንተረጉማለን። ማጣሪያ ስንል ውኃ፣ ዘይት፣ ጠላ ይታወሰናል፤ የሚቀረው ጥሩው፣ የሚጣለው ጉድፉ ነው። በድምፅ ውስጥ ግን ጉድፍ የለም። ዛሬ የቀነስኩት ሃርሞኒክ ነገ የምፈልገው ነው፤ ያነሳሁትም የተውኩትም እኩል ድምፅ ናቸው። ተማሪዎቼ ፊልተሩን ድምፅ እንደሚያጸዱበት አስበው ሲይዙት ሥራቸው የታፈነ ሲሆን፣ ቅርጽ እንደሚያወጡበት አድርገው ሲይዙት ግን ወዲያው ሲሻሻል አይቻለሁ። ስለዚህ እኔ ፊልተር እያልኩ እቀጥላለሁ።

ከሁሉ የተለመደው ወፍራሙን አሳልፎ ቀጭኑን የሚይዘው ነው፤ ሎው ፓስ ይሉታል። ካትኦፍ የምትባለው ማዞሪያ መያዝ የሚጀምርበትን ቦታ ትወስናለች። የ110 ሄርዙን የመጋዝ ጥርስ ይዛችሁ ካትኦፉን 440 ላይ ብታቆሙ የመጀመሪያዎቹ ሃርሞኒኮች ያልፋሉ፤ ከዚያ በላይ ያሉት መዳከም ይጀምራሉ። መዳከም ነው ያልኩት፤ መጥፋት አላልኩም። ፊልተርን ከወንፊት የሚለየው ይህ ነው። ወንፊት ከቀዳዳው የሚበልጠውን ጨርሶ አያሳልፍም። ፊልተር ግን ተዳፋት ነው። በብዙ ሲንተሳይዘሮች ላይ የተዳፋቱ ቁልቁለት በአንድ ኦክታቭ 24 ዴሲቤል ነው፤ ይኸውም ከካትኦፉ በላይ ድግግሞሹ እጥፍ በሆነ ቁጥር ጉልበቱ ወደ አንድ ዐሥራ ስድስተኛ ይወርዳል ማለት ነው። በአንዳንዶቹ 12 ዴሲቤል ነው፤ ይህ ወደ ሩብ ማውረድ ነው። ባለ 12ቱ ብርሃኑን ሙሉ በሙሉ አይነፍግም፤ ባለ 24ቱ መጋረጃው ከባድ ነው። እኔ ለባስ ባለ 24ቱን፣ ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር ተቀላቅሎ መሰማት ላለበት ድምፅ ባለ 12ቱን እመርጣለሁ።

ፊልተር ሁላችሁም አላችሁ። አሁን አብረን እንሞክረው። አንድ ወፍራም ድምፅ ያዙና ሳትለቁ፣ ሳታወፍሩና ሳታቀጥኑ «ኡ» በሉ። ወደ «ኦ» ሂዱ። ወደ «ኣ»። አሁን «ኢ»። ጉሮሯችሁ ውስጥ የሚርገበገበው ያው ነው፤ የተለወጠው ምላስና ከንፈራችሁ ያሉበት ቦታ ነው። ጉሮሮ በሃርሞኒክ የበለጸገ ድምፅ ይሰጣል፤ አፍ የትኞቹ እንዲጎሉ ይመርጣል። የኔታ ዘንድ ቁጭ ብለን ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል፣ ሎ ስንል ሰባት የፊልተር አቀማመጥ እንለማመድ ነበር። ይህን የማታምኑ ካላችሁ እነዚያኑ ሰባቱን በሹክሹክታ ድገሟቸው። በሹክሹክታ ጉሮሮ አይርገበገብም፤ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ሉ ከሊ ግን አሁንም ይለያል። ፊደሉ ያለው በምንጩ ውስጥ ሳይሆን በፊልተሩ ውስጥ ነውና። ሲንተሳይዘር ላይ «ኖይዝ» የሚል ምንጭ ስታገኙ ያ የማሽኑ ትንፋሽ ነው፤ ፊልተሩን ስታንቀሳቅሱበት ነፋስም፣ ማዕበልም፣ ጸናጽልም ይሆናል።

ከታች ስንቆርጥ ደግሞ የሚገርም ነገር ይፈጠራል። ለረጅም ዘመን የተለመደው የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ያለውን ብቻ ያሳልፍ ነበር። የአባታችን ድምፅ መሠረቱ 110 አካባቢ ከሆነ መሠረቱም ሁለተኛው ሃርሞኒክም መንገድ ላይ ቀርተዋል። ሆኖም ከቤሩት ወይም ከጂዳ የደወለች ልጅ «ሃሎ» ሲላት ወፍራሙን የአባቷን ድምፅ ነው የምትሰማው። ጆሮ 330ን፣ 440ን፣ 550ን ይሰማና በመካከላቸው ያለው ርቀት 110 መሆኑን ያገኛል፤ የጠፋውን መሠረትም ራሱ ይመልሰዋል። መስመሩ ያላደረሰውን የአባቷን መሠረት ጆሮዋ ሠርቶላታል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ልባችሁ ውስጥ እንዲቀር የምፈልገው አንድ ሰው አለ፤ ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል-ዳብ። በ1944 ካይሮ ውስጥ፣ ገና ወጣት ሳለ፣ በማግኔት ሽቦ ላይ የሚቀዳ መቅረጫ ተውሶ የሴቶች የዛር ሥርዓት ላይ ተገኘና ዜማውን ቀዳ። ከዚያ ወደ ሬዲዮ ጣቢያ ስቱዲዮ ወስዶ ድምፁን በገደል ማሚቶ ክፍሎች ውስጥ እያሳለፈ መሠረታዊ ድምፆቹን አነሳቸው፤ የላይኞቹን ሃርሞኒኮች ብቻ ተወ። የቀረው የማን እንደሆነ የማይታወቅ፣ ሰው ሆኖ ሰው ያልሆነ ድምፅ ነው። ፈረንሳዊው ፒዬር ሼፈር በተቀዳ ድምፅ ሙዚቃ መሥራቱን ለዓለም ያስተዋወቀው በ1948 ነበር፤ ኤል-ዳብ አራት ዓመት ቀድሞታል። ኋላም ይኸው ሰው ኒው ዮርክ በሚገኘው የኮሎምቢያና የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ሠራ፤ ከዚያ አዲስ አበባ መጥቶ አስተማረ፤ በ1963 ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ በገናውንና ዋሽንቱን አንድ መድረክ ላይ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። የድምፅን ውስጥ ለማየት መሠረቱን ያነሳ ሰው፣ የበገና ዝዝዝታ ሲሰማ ምን ተሰምቶት ይሆን እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

በእጅ የሚዞረውን ፊልተር በኤሌክትሪክ ኃይል የሚታዘዝ በማድረግ ጎልቶ የሚታወቀው ግን አሜሪካዊው መሐንዲስ ሮበርት ሙግ ነው። ከ1964 ጀምሮ ከሙዚቃ ደራሲው ኸርበርት ዶይች ጋር ሲሠራ፣ ካትኦፉን ጣት ብቻ ሳይሆን ቮልቴጅም እንዲያንቀሳቅሰው አደረገ። ትራንዚስተሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ወደ ላይ ስለተደረደሩ ፊልተሩ «መሰላሉ» ተባለ፤ የፈጠራ መብቱንም በ1969 አገኘ። መሰላሉ አራት እርከን አለው፤ እያንዳንዱ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ቅድም ያልናት 24 ከዚህ ትመጣለች። በ1970 የመጣችው ሚኒሙግ የተባለችው ሲንተሳይዘሩ ሦስት ኦሲሌተር፣ ማለትም ሞገዱን የሚያመነጩ ክፍሎች፣ እና ይህን ፊልተር ይዛ በአንድ ሰው ብብት የምትያዝ ሆነች። ሁሉም ኪቦርድ እንዲህ አይሠራም፤ በ1983 የወጣው የያማሃ ዲኤክስ 7 ለምሳሌ ሃርሞኒኮቹን የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው፤ እሱ ለሌላ ቀን ይቆየን።

ቮልቴጅ ካትኦፉን ያንቀሳቅሰዋል ማለት ወደ ሦስተኛው ክፍል ያስገባናል። ክራር ምቱና በጥሞና ስሙ። ጣት አውታሩን ሲለቅ ድምፁ ጥርት ያለ፣ ጠርዝ ያለው ነው። ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላ ጠርዙ ይለሰልሳል፤ ድምፁ ገና አልጠፋም፤ ግን ደብዝዟል። ከፍተኞቹ ሃርሞኒኮች ከዝቅተኞቹ ቀድመው ስለሚሞቱ ነው። ሲንተሳይዘር ላይ ይህን የምትሠሩት ኤንቬሎፕ በሚባለው ነው፤ ቁልፉን ስትጫኑ ካትኦፉን ወደ ላይ ይወረውረዋል፣ ከዚያ በወሰናችሁት ፍጥነት ያወርደዋል። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የድምፁን መጠን ብቻ ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ፤ ብሩህነቱን አንድ ቦታ ቸንክረው ይተዉታል። የተፈጥሮ ድምፅ እንዲህ አይደለም። የሚጮኸው ብሩህ ነው፤ የሚደክመው ይደበዝዛል። ይህን አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ድካሜ ይከፈላል።

ሬዞናንስ የምትባለዋ ሁለተኛ ማዞሪያ ደግሞ ከፊልተሩ ከወጣው ጥቂቱን መልሳ ወደ መግቢያው ትልካለች። ያኔ ካትኦፉ ያለበት ቦታ ላይ ጉብታ ይበቅላል፤ እዚያ የቆመ ሃርሞኒክ ከጓደኞቹ በላይ ይሰማል። በብዙ መሣሪያዎች ላይ እስከ ጫፍ ስትከፍቷት ፊልተሩ ምንም ሳይገባበት ራሱ ማፏጨት ይጀምራል። የጃፓኑ ሮላንድ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቲቢ 303 የምትባል ትንሽ ማሽን ለባስ አጃቢነት ሠርቶ ገበያ አጥቶባት ነበር። የቺካጎ ወጣቶች በርካሽ ገዝተው፣ አንዱን አጭር የባስ ዜማ እያዞሩ ካትኦፍና ሬዞናንሷን በእጃቸው ሲያንቀሳቅሱ አዲስ የዳንስ ሙዚቃ ተወለደ። ፊውቸር የተባለው ቡድን በ1987 ያወጣው «አሲድ ትራክስ» ዐሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ይሄዳል፤ ታሪኩን የሚተርከው የፊልተሩ እንቅስቃሴ ነው።

አሁን ኸልምሆልትዝን እንጥራው። ኮምፒውተራችሁ ላይ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ያላችሁ፣ ቫይታል ወይም ሰርጅ የሚባለውን የኮምፒውተር ሲንተሳይዘር በነፃ ያወረዳችሁ፣ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ኦሲሌተር ብቻ ክፈቱ፤ የመጋዝ ጥርስ፣ 110 ሄርዝ። ሬዞናንሱን ሊያፏጭ እስኪቃረብ ድረስ አውጡት። ካትኦፉን ከታች ጀምራችሁ የፀጉር ያህል እያንቀሳቀሳችሁ ወደ ላይ ውሰዱት። ጉብታው አንዱን ሃርሞኒክ ለቆ ሌላውን ሲይዝ እንደ ፉጨት ይሰማችኋል፤ 110፣ 220፣ 330። ማዞሪያዋ በዚያች ሰዓት የሉሎቹን ሥራ ትሠራለች። አራተኛውን፣ አምስተኛውንና ስድስተኛውን ስታገኙ የሜጀር ኮርድ ሦስት ድምፆች መሆናቸውን ጊታር የምትጫወቱ ወዲያው ትለዩታላችሁ። ስምንተኛው ላይ ስትደርሱ ቁሙ። 880 ነው። ቀጥሎ 990፣ ቀጥሎ 1100። ዐሥራ አንደኛውን ዝለሉት። ከዚያ 1320።

እነዚህ አራቱ የሜጀር ትዝታ የመጀመሪያ አራት ድምፆች ናቸው። ማንም አልጨመራቸውም፤ ከአንዲት ወፍራም ድምፅ ውስጥ ነው የወጡት። አምስተኛው የትዝታ ድምፅ ላይ ተፈጥሮ ትንሽ ዝቅ ትልብናለች፤ ዐሥራ ሦስተኛው ሃርሞኒክ 1430 ላይ ነው፤ ጆሯችን የሚጠብቀው ግን ወደ 1467 የቀረበውን ነው። ልዩነቱን ራሳችሁ ብትሰሙት ይሻላል። ማሽኗ እዚህ ጠረጴዛው ላይ በርታ ቆማለች፤ ካትኦፏም እስከ ታች ተዘግቷል። ስልካችሁን ድምፅ አልባ አድርጉልኝና ፊት ያላችሁ ጥቂት ጠጋ በሉ፤ ቁልፉን ተጭኛለሁ፣ ማዞሪያዋን አሁን ማንቀሳቀስ እጀምራለሁ።